ማክስ ታይለር፦ የቢጫ ወባን ቫይረስ በጫጩት ጽንስ ያላመዱት ሊቅ

ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በንጉሥ ፋህድ ዓለም አቀፍ የአውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ ደማምና ወደ አል ኾበር የሚገባ ሠራተኛ ከፓስፖርቱና ከሥራ ውሉ ጋር አንዲት ቢጫ ደብተር ይዞ ይጓዛል። ከአፍሪካ ጠረፎች ዕቃ ጭኖ በደማም ወደብ መልሕቁን የሚጥል መርከብ ባሕረኞችም ይህችኑ ደብተር ከሰነዶቻቸው አይለዩም። ደብተሯ ባለቤቷ የቢጫ ወባን ክትባት መውሰዱን የምትመሰክር የጤና ማስረጃ ናት። ብዙዎች ማኅተሟን እንደ አንድ የጉዞ ሥርዓት ብቻ ቆጥረው ያልፏታል፤ ከማኅተሟ በስተጀርባ ያለውን የብዙ ዓመት ድካም፣ የብዙ ሊቃውንት ሞትና የአንድ ትዕግሥተኛ ተመራማሪ ሕይወት ግን አያስተውሉም። ያ ተመራማሪ በአፍሪካ ምድር ተወልደው የኖቤል ሽልማትን በመቀበል የመጀመሪያው የሆኑት ማክስ ታይለር ናቸው።

ታይለር ትንኝ የምታስተላልፈውን ገዳይ ቫይረስ ከዶሮ ጽንስ በተገኘ ሕዋስ ውስጥ እያሳደጉ ኃይሉን አድክመው ለሰው ልጅ ጋሻ አድርገውታል። ጋሻው ግን የሚያድነው ለሚያስፈልገው ሰው በጊዜው ሲደርስ ብቻ ነው። ይህን እውነት የኢትዮጵያ የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ በከባድ ዋጋ አይቶታል። የሊቁ የሕይወት ታሪክ ከዚህ በታች ሲተረክ፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእንስሳት ሐኪሙ ልጅ

ማክስ ታይለር ጃንዋሪ 30 ቀን 1899 ዛሬ በደቡብ አፍሪካ በምትገኘው በፕሪቶሪያ ከተማ ተወለዱ። ለአባታቸው ለአርኖልድ ታይለርና ለእናታቸው ለኤማ አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። አባትየው በ1891 ከስዊዘርላንድ ወደ ትራንስቫል የፈለሱ የእንስሳት ሐኪም ሲሆኑ፣ ብዙም ሳይቆዩ በእርሻ መሣሪያ አደጋ አንድ እጃቸውን አጥተዋል። ይሁንና በቀረቻቸው እጅ በ1893 ለጆሃንስበርግ የማዕድን ሠራተኞች የፈንጣጣ ክትባት አዘጋጁ፤ በ1896 ደግሞ የከብት ደስታ በሽታ ደቡብ አፍሪካን ሲወርር ከመንግሥት ጋር ሆነው ወረርሽኙን ተጋፈጡ።

ይህ የከብት ደስታ በሽታ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በ1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ በኩል በገቡ የታመሙ ከብቶች ተዛምቶ የአገሪቱን የቀንድ ከብት አብዛኛውን ፈጅቷል። አራሹን ያለ በሬ አስቀርቶም ክፉ ቀን እየተባለ እስከ ዛሬ የሚታወሰውን ረኃብ አስከትሏል። በሽታው ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲጓዝ ጥቂት ዓመታት ፈጅቶ አርኖልድ ታይለር ከሚኖሩበት አገር ደረሰ። የኢትዮጵያን ገበሬ ያራቆተው መቅሠፍት ለታይለር ቤተሰብ የምርምር ሕይወት መነሻ ከሆኑት አንዱ ነበር ማለት ነው።

አርኖልድ በ1908 ከፕሪቶሪያ ወጣ ብላ በምትገኘው ኦንደርስቴፖርት የእንስሳት በሽታ ምርምር ተቋምን መሠረቱ። እዚያም የአፍሪካ ፈረስ በሽታንና የበጎችን ሰማያዊ ምላስ በሽታ አጠኑ። ሁለቱም ደም የምትመጥ ደቃቅ ዝንብ የምታስተላልፋቸው የቫይረስ በሽታዎች መሆናቸው ኋላ ላይ ተረጋግጧል። ማክስ ያደጉት የእንስሳት በሽታና የምርምር ወሬ በማይጠፋበት በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው።

ከፕሪቶሪያ እስከ ለንደን

ወጣቱ ማክስ በፕሪቶሪያ የወንዶች ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በሮድስ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ተምረው አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ወደ ለንደን ተጓዙ። በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በለንደን የሐሩር ክልል ሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው በ1922 የሐኪምነት ፈቃድና በሐሩር ክልል በሽታዎች ዲፕሎማ አገኙ። የሕክምና ዶክትሬት ማዕረግ ግን በዚያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ አልያዙም። ሕመምተኛ እየመረመሩ መኖርም አልማረካቸውም፤ ልባቸው የተሳበው ወደ ቤተ ሙከራ ነበር። በዚያው በ1922 በአሜሪካ ቦስተን በሚገኘው የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት በሐሩር ክልል በሽታዎች ክፍል ተቀጠሩ።

በትንኝ የሚሻገረው ሞት

ቢጫ ወባ ስሙ ከወባ ጋር ቢመሳሰልም ከወባ የተለየ በሽታ ነው። ወባን የሚያመጣው ጥገኛ ነፍስ ሲሆን ቢጫ ወባን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። በሽታው በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በጀርባ ሕመም ይጀምራል። ብዙዎቹ ከዚህ ይድናሉ፤ በጥቂቶች ላይ ግን ጉበትን አጥቅቶ ዓይንና ቆዳን ያወይባል፣ ከአፍና ከአፍንጫ ደም ያፈስሳል። ከዚህ ደረጃ ከደረሱት ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት ዛሬም የለም።

ኩባዊው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ በ1881 በሽታውን የምታሻግረው ትንኝ ናት ብለው ሲያስረዱ የሰማቸው ጥቂት ነበር። በ1900 ዋልተር ሪድ የመሩት የአሜሪካ ጦር የሐኪሞች ቡድን በሃቫና የፊንላይን ሐሳብ በሙከራ አረጋገጠ። አስተላላፊዋ ኤደስ ኢጂፕታይ የተባለችው በቤት ውስጥና በዙሪያው በማጠራቀሚያ ውኃ የምትራባ፣ ቀን ቀን የምትናከስ ትንኝ ናት። ውኃ የሚጠራቀምባቸውን ዕቃዎች በመክደንና በመድፋት ሃቫናንና የፓናማ ቦይ ሥራን ከበሽታው ማዳን ተቻለ። ይሁን እንጂ በምዕራብ አፍሪካና በደቡብ አሜሪካ ደኖች ውስጥ ቫይረሱ በዝንጀሮዎችና በደን ትንኞች መካከል ይኖር ስለነበር ትንኝን በከተማ መቆጣጠር ብቻውን በቂ አልሆነም። ክትባት ያስፈልግ ነበር።

የታላቅን ሰው ስሕተት ማረም

ታይለር ሃርቫርድ ሲደርሱ የዓለም ሊቃውንት የቢጫ ወባ መንሥኤ ታውቋል ብለው ያምኑ ነበር። በሮክፌለር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ዝነኛው ጃፓናዊ ሊቅ ሂዴዮ ኖጉቺ በሽታውን የምታመጣው ሌፕቶስፒራ የተባለች ባክቴሪያ ናት ብለው አውጀው፣ በዚሁ መሠረት ክትባት ተዘጋጅቶ ለሰዎች ይሰጥ ነበር። ታይለርና የክፍላቸው ባልደረባ አንድሩ ሴላርድስ በ1926 ባደረጉት ምርመራ የኖጉቺ ባክቴሪያ አይጦች ከሚያስተላልፉት ቫይል ከተባለው የወፍ በሽታ መንሥኤ ጋር አንድ መሆኗን አሳዩ። የ27 ዓመቱ ረዳት ተመራማሪ በዘመኑ እጅግ የተከበረውን ሊቅ ግኝት ውድቅ ማድረጋቸው ቀላል አልነበረም። ሆኖም ክርክሩን የዳኘው ዝና ሳይሆን ማስረጃ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት እውነተኛው መንሥኤ ተያዘ። የሮክፌለር ፋውንዴሽን የምዕራብ አፍሪካ ቡድን በ1927 ዛሬ ጋና በምትባለው በጎልድ ኮስት አሲቢ ከተባለ የ28 ዓመት ሕመምተኛ የወሰደውን ደም ለእስያ ጦጣ ሲወጋ ጦጣዪቱ በቢጫ ወባ ሞተች። አሲቢ ግን ድኗል። ከእርሱ ደም የተገኘው የቫይረስ ዝርያም በስሙ ተጠርቷል። የዚህ ግኝት ዋጋ ከባድ ነበር። ሙከራውን ከመሩት አንዱ የነበሩት አድሪያን ስቶክስ በዚያው ዓመት በበሽታው ሞቱ። ኖጉቺም ሐሳባቸውን ለማረጋገጥ ወደ አክራ ተጉዘው በሜይ 1928 በዚያው በሽታ አረፉ፤ አብረዋቸው የነበሩት ዊሊያም ያንግም ከቀናት በኋላ ተከተሏቸው። በ1929 ደግሞ ፖል ሉዊስ በብራዚል ባሂያ ሞቱ።

የነጭ አይጥ ምሥጢር

በዚያ ዘመን ቫይረሱን ለማጥናት የሚያገለግለው የእስያ ጦጣ ብቻ ነበር። ጦጣ ደግሞ ውድ ነው፤ ለመያዝ ያስቸግራል፤ በብዛት አይገኝም። ታይለር ስለዚህ ዋጋው ወደ ረከሰው ነጭ አይጥ ዞሩ። ቫይረሱ በአይጥ ቆዳ ሥር ሲወጋ ምንም አላደረገም። በቀጥታ ወደ አንጎሏ ሲወጋ ግን አይጧን በአንጎል ብግነት ገደላት። ይህን በ1930 ሲያሳትሙ በጥርጣሬ የተመለከቷቸው ነበሩ፤ በአይጧ ጉበት ላይ የቢጫ ወባ ምልክት ስላልታየ በሽታው ሌላ ነው የሚል ተቃውሞም ተነሣ። ታይለር ግን ከበሽታው የዳነ ሰው ደም አይጧን ከሞት እንደሚያድናት በማሳየት ተቃዋሚዎቻቸውን ረቱ።

በ1929 በቤተ ሙከራ ሳሉ እርሳቸው ራሳቸው በቢጫ ወባ ተያዙ። ሕመሙ ግን አልጠናባቸውም፤ ከሞት ተርፈው ለዕድሜ ልክ የሚዘልቅ መከላከያ አገኙ። ሌሎችን የገደለው አደጋ ለእርሳቸው ጋሻ ሆኖ አለፈ።

አይጥን የሚያድነው የደም ምርመራ ከክትባቱ በፊት የመጣ ትልቅ ጥቅም ነበረው። አንድ ሰው ቀድሞ በቢጫ ወባ ተይዞ የነበረ እንደሆነ ደሙ ይናገራል። ሐኪሞች በአፍሪካና በደቡብ አሜሪካ ከየመንደሩ ደም እየሰበሰቡ በአይጥ በመፈተን በሽታው የተዘረጋበትን ምድር ካርታ ለመጀመሪያ ጊዜ አወጡ። ካርታው በሽታው ከሚታሰበው እጅግ ሰፊ ቦታ መያዙንና በምሥራቅ አፍሪካ ጭምር መኖሩን ገለጠ።

ዶሮ፣ እንቁላልና ትንኝ

ታይለር በ1930 ከሃርቫርድ ወጥተው በኒው ዮርክ ወደሚገኘው የሮክፌለር ፋውንዴሽን ቤተ ሙከራ ገቡ። በአይጥ አንጎል ደጋግሞ ያለፈው ቫይረስ ጉበትን የማጥቃት ኃይሉ ቢዳከምም አንጎልን የማጥቃት ኃይሉ አይሎ ነበር። ፈረንሳዮች በዳካር ከዚህ ዓይነቱ ቫይረስ በቆዳ ጭረት የሚሰጥ ክትባት አዘጋጅተው በምዕራብ አፍሪካ ብዙ ሕይወት አድነውበታል። ሆኖም በአንዳንድ ሕፃናት ላይ የአንጎል ብግነት በማስከተሉ ኋላ ቀርቷል። ታይለር የፈለጉት ጉበትንም አንጎልንም የማይጎዳ ቫይረስ ነበር።

መንገዱን ከከፈቱት ሥራዎች አንዱ የመጣው ከዶሮ በሽታ ጥናት ነው። የዶሮ ፈንጣጣ በየአገሩ ዶሮ አርቢዎች የሚያውቁት የቫይረስ በሽታ ነው። በዶሮዋ ኩክኒ፣ በዓይኗና በአፏ ዙሪያ ቁስልና ቅርፊት ያወጣል፤ ወደ አፍና ወደ ጉሮሮ ሲገባ ትንፋሽ ያሳጣል። ከታመመች ዶሮ ደም የመጠጠች ትንኝ ቫይረሱን በመውጊያዋ ጫፍ ይዛ ወደ ጤነኛዋ ታሻግረዋለች፤ ዝናብ በሚበዛበትና ውኃ በሚያቁርበት ወቅት በሽታው የሚባባሰውም ስለዚህ ነው። ሰውን አይዝም። በ1931 አሜሪካዊው ኧርነስት ጉድፓስቸር ከአሊስና ከዩጂን ውድረፍ ጋር ሆነው ይህንኑ የዶሮ ፈንጣጣ ቫይረስ ጫጩት በያዘ እንቁላል ሽፋን ላይ ማሳደግ ቻሉ። ንጹሕ፣ ርካሽና በየትም የሚገኝ የቫይረስ ማሳደጊያ በእጅ ገባ። እንቁላልም ከገበታ አልፎ ወደ ክትባት ሥራ ተሻገረ።

ስለ ትንኝና ስለ ዶሮ ከዚህ ጋር የሚነሣ ሌላ ነገር አለ። ሮክፌለር በኡጋንዳ ኢንቴቤ ያቋቋመው የቢጫ ወባ ምርምር ተቋም ቢጫ ወባን ሲያድን በ1937 ዌስት ናይል የተባለ ሌላ ቫይረስ አገኘ። ይህ ቫይረስ በወፎችና ኩሌክስ በምትባል ትንኝ መካከል የሚዘዋወር ሲሆን አልፎ አልፎ ሰውንና ፈረስን ያሳምማል። ቁራን በብዛት ሲገድል ዶሮን ግን አይጎዳም። በዶሮ ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን አነስተኛ በመሆኑ ከዶሮዋ ወደ ሌላ ትንኝ አይተላለፍም፤ ዶሮዋ ግን ፀረ እንግዳ አካል ታመርታለች። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ ፍሎሪዳና ካሊፎርኒያ የጤና ሠራተኞች ዶሮዎችን በየሰፈሩ እንደ ዘብ አስቀምጠው ደማቸውን በየጊዜው ይመረምራሉ፤ ሰው ሳይታመም በፊት የቫይረሱን መምጣት ከዶሮዋ ደም ያውቃሉ።

17ዲ

ታይለርና ባልደረቦቻቸው የአሲቢን ቫይረስ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በደቀቀ የእንስሳ ጽንስ ሥጋ ላይ ማሳደግ ጀመሩ። በመጀመሪያ በአይጥ ጽንስ፣ ቀጥሎ በጫጩት ጽንስ፣ በመጨረሻም አንጎሉና የአከርካሪ ሕብለ ነርቩ በተወገደ የጫጩት ጽንስ ላይ አሳደጉት። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ቫይረሱ ነርቭ በሌለበት ሥጋ ላይ ሲቆይ ነርቭን የማጥቃት ልማዱን ይረሳ ይሆናል የሚል ነው። በየጥቂት ቀኑ ቫይረሱ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ኃይሉ በአይጥና በጦጣ ይፈተናል፤ ውጤቱ ይመዘገባል። ይህ አሰልቺ ሥራ ለዓመታት ቀጠለ።

17ዲ ከተባለው ረድፍ በ89ኛውና በ114ኛው ዝውውር መካከል ባለው ጊዜ ቫይረሱ ተለወጠ። ቀድሞ ጦጣን ይገድል የነበረው ቫይረስ አሁን በጦጣ አንጎል ውስጥ ቢወጋ እንኳ ቀላል ሕመም ብቻ አስከትሎ ያልፍ ጀመር። የተወጉት ጦጣዎችም ገዳዩን የአሲቢ ቫይረስ ተቋቋሙ። ታይለርና ሂዩ ስሚዝ ግኝቱን በ1937 አሳተሙ። ለውጡ ለምን በዚያ ረድፍ ብቻ እንደተከሰተ በጊዜው ማንም ማስረዳት አልቻለም፤ ሥራውን ለመድገም የተደረገው ሙከራም ያንኑ ውጤት አልሰጠም። ከ50 ዓመት በኋላ በ1987 የሁለቱ ቫይረሶች ዘረመል ሲነጻጸር ከ10 ሺህ ከሚበልጡት ፊደላቱ የተለወጡት 68 ብቻ ሆነው ተገኙ። በሞትና በሕይወት መካከል የነበረው ልዩነት ይህን ያህል ጠባብ ነበር።

ስሚዝ በዚያው በ1937 ክትባቱን ይዘው ወደ ብራዚል ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ብራዚላውያን ተከተቡ። ከ1940 እስከ 1947 የሮክፌለር ፋውንዴሽን ከ28 ሚሊዮን በላይ ክትባት አመረተ። ዛሬ በሪዮ ዲ ጃኔሮ፣ በዳካርና በሌሎችም ከተሞች የሚመረተው የቢጫ ወባ ክትባት ሁሉ ከዚሁ ከ17ዲ የተወለደ ነው። አሁንም የሚመረተው በዶሮ እንቁላል ውስጥ ባለ ጽንስ ስለሆነ፣ እንቁላል ሲበላ ሰውነቱ ክፉኛ የሚቆጣበት ሰው ከመከተቡ በፊት ለሐኪሙ መናገር ይገባዋል።

የጦርነቱ ዘመን ጠባሳ

ክትባቱ ያለ እንከን አልመጣም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቫይረሱ እንዳይበላሽ የሰው የደም ሴረም ይጨመርበት ነበር። በ1942 ከተከተቡ የአሜሪካ ወታደሮች መካከል 50 ሺህ ያህሉ በወፍ በሽታ ታመው ሆስፒታል ገቡ። በሴረሙ ውስጥ ዛሬ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ኖሮ ነበር። ጥፋቱ የ17ዲ ሳይሆን የተጨመረበት ሴረም መሆኑ ሲታወቅ ሴረሙ ወጥቶ ክትባቱ ያለ እርሱ መዘጋጀት ጀመረ። ሰውን ለማዳን የተሠራ ነገር ራሱ በብርቱ መመርመር እንዳለበት ያስተማረ አጋጣሚ ነው።

የኖቤል ሽልማት

ታይለር በ1949 የላስከርን ሽልማት፣ በ1951 ደግሞ የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተቀበሉ። ለአንድ ክትባት ሥራ ኖቤል ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዓለም አቀፍ ክብር ያገኙት ሰው በባሕርያቸው ጸጥተኛና ቁጥብ ነበሩ። ከ1928 ጀምሮ ባለቤታቸው ከነበሩት ከሊሊያን ግራሃም ጋር አንዲት ሴት ልጃቸውን እያሳደጉ ይኖሩ ነበር። በትርፍ ጊዜያቸው መጽሐፍ ማንበብና የብሩክሊን ዶጀርስን የቤዝቦል ጨዋታ መከታተል ይወዱ ነበር። ክትባታቸው በዓለም ዙሪያ ሲሰጥ ከእርሱ የሀብት ትርፍ አልፈለጉም።

ጋሻው ያልደረሰበት ምድር

ክትባቱ በተገኘ በ23 ዓመቱ የአፍሪካ ከባዱ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ኢትዮጵያን መታ። ከ1960 እስከ 1962፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. አካባቢ፣ በሽታው በኦሞ ሸለቆና በደቡብ ምዕራብ አውራጃዎች ተዛመተ። በአዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ተቋም ሊቃውንት መንሥኤውን ለይተው ባደረጉት ግምት 100 ሺህ ያህል ሰው ታሞ 30 ሺህ ያህሉ ሞቷል። ከሕዝቡ መካከል አስቀድሞ የተከተበ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ጤና ጣቢያዎች ጥቂቶች፣ መንገዶችም አስቸጋሪ ነበሩ።

ወረርሽኙን ያዛመተችው የከተማዋ ትንኝ ብቻ አልነበረችም። ኤደስ ሲምፕሶኒ የምትባለው ትንኝ በእንሰት ቅጠል ሥር በሚጠራቀመው ጥቂት የዝናብ ውኃ ውስጥ ትራባለች። እንሰት ደግሞ በደቡቡ ክፍል ከቤት ደጃፍ የማይለይ የዕለት ምግብ ነው። ቤተሰቡን የሚመግበው ተክል በአንድ በኩል የትንኝ መራቢያ ሆኖ ተገኘ። ገበሬው እንሰቱን መንቀል አይችልምና መፍትሔው አንድ ነበር፤ ክትባት። በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ፣ በ2020 ደግሞ በጉራጌ ዞን በሽታው ዳግም ሲታይ የጤና ሠራተኞች ለሕዝቡ ክትባት በማዳረሳቸው የ1960ዎቹ እልቂት አልተደገመም።

የወደቡ ጥበቃ

እስያ የቢጫ ወባ አስተላላፊ ትንኝ ቢኖርባትም በሽታው እስካሁን ሥር አልሰደደባትም። በሳዑዲ ዓረቢያ በቀይ ባሕር በኩል ባሉት በጅዳና በአካባቢዋ የዴንጊ ትኩሳትን የምታዛምተው ይህችው ኤደስ ኢጂፕታይ ናት። በምሥራቁ ክፍል ደግሞ የቀጢፍና የአል አሕሳ የተምር ምድሮች በአንድ ወቅት በወባ ይጠቁ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የዲዲቲ ርጭት ያንን ሁኔታ ለውጦታል። የአገሪቱ ባለሥልጣናት ከኢትዮጵያና ቢጫ ወባ ካለባቸው ሌሎች አገሮች ከሚመጡ መንገደኞች የክትባት ማስረጃ የሚጠይቁትም፣ ከእነዚሁ አገሮች የሚመጡ መርከቦችና አውሮፕላኖች ከትንኝ መጽዳታቸው እንዲረጋገጥ የሚፈልጉትም ትንኝና ቫይረስ እንዳይገናኙ ነው።

ይህ ሥጋት ባዶ ሥጋት አለመሆኑን 2016 አሳይቷል። በአንጎላ ታላቅ ወረርሽኝ በተነሣበት በዚያ ዓመት በዚያች አገር የቆዩ 11 ቻይናውያን በሽታውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በእስያ የቢጫ ወባ ሕመምተኛ ሲመዘገብ ያ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ወረርሽኝ የዓለም የክትባት ክምችት ከመመናመኑ የተነሣ በኪንሻሳ ከመደበኛው መጠን አንድ አምስተኛው ብቻ ለሰው እየተሰጠ ሚሊዮኖች ተከተቡ። ለእንጀራ ከአገር አገር የሚጓዝ ሠራተኛ ቫይረስንም ሳያውቅ ሊያጓጉዝ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። ስለዚህ ማኅተሙን ያለ መርፌው ማግኘት ለባለ ደብተሩም፣ ለተቀበለው አገርም አደጋ ነው። መርፌው ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ከ2016 ወዲህ ደግሞ አንድ ጊዜ የተወሰደው ክትባት ማስረጃው ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

የመጨረሻው ዘመን

ታይለር ከ1951 ጀምሮ የኒው ዮርኩን የቫይረስ ቤተ ሙከራ በዳይሬክተርነት መሩ። ሮክፌለር በዚያ ዘመን በየአህጉሩ ባቋቋማቸው ጣቢያዎች ትንኝና መዥገር የሚያስተላልፏቸው ቫይረሶች በብዛት ተገኙ። በግብፅ ሲንድቢስ ከተባለች መንደር ከትንኝ የተገኘው የወፎች ቫይረስ በዚያን ጊዜ ከታወቁት አንዱ ነው። ታይለር በ1964 ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው በፕሮፌሰርነት አስተማሩ፤ በ1967 ጡረታ ወጡ። ከዊልበር ዳውንስ ጋር ሆነው የእነዚህን ቫይረሶች የ20 ዓመት ምርምር በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሰባሰቡ።

መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ኦገስት 11 ቀን 1972 በኒው ሄቨን ከተማ በ73 ዓመታቸው አረፉ። መጽሐፉም በማግስቱ ዓመት ወጣ። ከጋናዊው አሲቢ ደም ተነሥቶ በጫጩት ጽንስ የተገራው ቫይረስ ከእርሳቸው በኋላ በመቶ ሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሰዎች ተሰጥቷል። የቢጫ ወባ መድረሻ የሆነው የአፍሪካ ገጠር ግን ክትባቱን እስከ ዛሬ በእኩል አላገኘም፤ የማክስ ታይለር ሥራ የሚፈጸመው የመጨረሻው የእንሰት ገበሬ ልጅ ሲከተብ ነው።